ልዩ ክስተት፦ የለም

በጥር፣ ኮትካ ላይ፣ ሰዓቱ ነው የሚነጋ፤
ሰማዩ እንዳደረ ነው፣ በረጋው ባሕር ላይ እንደተዘረጋ።
ታውኖ አልጋው ጫፍ ላይ ሸሚዙን ታቅፎ
ቁልፎቹን ይቆጥራል፣ አንዷን ዘልሎ አልፎ።
ሰባት ናቸው፤ ስድስት ይላል።
ይቆጣል፤ ከላይ ይጀምራል።
ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጢሙ ሸብቷል፤
ጣቱ ወፍራም ነው፣ ቀዳዳው ጠብቦታል።

እኔ ፊት ለፊቱ፣ ወንበር ላይ፣
መዳፎቼን ከጭኔ ሥር ደብቄ፣
ተቀምጬባቸዋለሁ፣ እንዳያመልጡኝ ጠብቄ።

ማልበስ ቀላል ነው፤ ሁለት ደቂቃ፤
እጄ ያውቀዋል፣ ዓይኔ ሳይነቃ።
ከባዱ፣ እጅ እያለ እጅ ማጣት፤
ሰው ከገዛ ሸሚዙ ጋር ሲታገል
ምክርም ፈገግታም አለማምጣት።

አምስት ቁጥር አውቶቡስ በማዕዘኑ ዞረ፤
ሾፌሩ ወደ መስኮታችን አማተረ፤
ጥሩንባውን ነፋ፣ ጠበቀ፣ በረረ፤
ታውኖ ገና ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ነበረ።
“ሂድ” አለ።
ለአውቶቡሱ ይሁን ለቁልፉ፣ እንጃ።

ምድር ቤት ኦይሊ ከማጠቢያው ፊት ተንበርክካ
የሚዞረውን ካልሲ ታያለች፣ መስታወቱን በአፍንጫዋ ነክታ።
“ቀዩ መጣ! ቀዩ ሄደ!”
በየዙሩ ትነግረኛለች፤ በየዙሩ እገረማለሁ፤
አንዳንዴ እውነቴን ነው።

ሰባተኛው ገባ። ሃያ ስድስት ደቂቃ።
አንዱ ቁልፍ ስቶ፣ ኮሌታው ወደ ጆሮው ወጥቶ፣
እንዳለ ወጣን፤ አላቃናሁለትም።
በሚቀጥለው አውቶቡስ አንዲት ሴትዮ
“ስሙ ማነው?” አለችኝ፣ በአናቱ ላይ አሻግራ፤
እጇም ወደ ኮሌታው መጣ፣ ከጥያቄው ጋራ።
“አጠገብሽ ነው፤ እሱን ጠይቂው” አልኳት፤
ድምፄ ካሰብኩት በላይ ከረረ።
ታውኖ መስኮቱን ያያል፤
በረዶ ሰባሪዋ መርከብ ወደብ እየገባች ነበረ።

ደግ ነሽ ይሉኛል። አይደለሁም ሁልጊዜ።
በኅዳር፣ ግድግዳውን በጥርስ ሳሙና ሲለስን፣
በሩን ዘግቼ ደረጃው ላይ አለቀስኩ፤
ከርኅራኄ አይደለም፣ ከንዴት ነው።
የዚያኑ ሌሊት ደመወዜን አሰላሁ፤
የሱፐርማርኬቷ ገንዘብ ተቀባይ
በሰዓት ሁለት ዩሮ ትበልጠኛለች፤
ዳቦ ደግሞ ይነከሳል እንጂ አይነክስም።

ማታ መብራቱን ሦስቴ አጥፍቶ አብርቶ፣
ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣ ተኝቶ፣
ስም ይጠራል፤ ለማያውቀው ጸሎት ይመስላል፦
“ሪትቫ፣ ዩሃኒ፣ ሳይሚ…” እያለ ይቀጥላል።
አሥራ ዘጠኝ ናቸው፣ እዚህ ሠርተው የሄዱ፤
አንዷ አግብታ፣ አንዱ ወገቡ ተቀጭቶ፣
አንዷ ደግሞ እንዲሁ፣ ሳትሰናበት።
ተራቸውን አይስትም፣
ስድስትና ሰባት የሚምታታበት።
የመጨረሻዋ ኬርቱ ናት።
ዝርዝሩ ውስጥ የለሁም፣ ቤቱ ውስጥ ስላለሁ።

ዛሬ ማታ ኬርቱን ብሎ ዝም አለ።
ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ፦
“ሄሌቪ።”

ማመልከቻዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም፤
ታውኖ ማንበብ አይችልም።
“እዚሁ ነኝ እኮ” አልኩት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ።
ዞሮ አየኝ፤ እጁን አወጣ፤
የሹራቤን የታችኛውን ቁልፍ ያዘ፣
ፈታው፣
መልሶ ሊቆልፈው ጀመረ።
መዳፎቼን ከጭኔ ሥር አደረግሁ።
ረጅም ጊዜ ወሰደ።

ቢሮ ወርጄ ቅጹን ሞላሁ።
መድኃኒት፦ ወስዷል።
እራት፦ በልቷል፤ ድንቹን ለኦይሊ ሰጥቷል።
አውቶቡስ፦ አንድ አምልጦታል።
ልዩ ክስተት፦
እስክሪብቶው እዚያ ላይ ቆመ፣ ቀለሙ ነጥብ ሠራ፤
“የለም” ብዬ ጻፍኩ፤ ተረኛዋ በር ላይ ጫማዋን እያራገፈች ነበር።

ቁልፉ የሱ ባልሆነ ቀዳዳ ገብቷል፤
ሹራቤ በአንድ ወገን ተንጠልጥሏል፤
በረዶው ላይ፣ እንዲሁ እንዳለሁ፣
ወደ ቤቴ ሄድኩ።